ለቨርጂል ኮገር የሞላኋቸው ጥይቶች

ሎረል ሸለቆ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ኦገስት 22 ቀን 2021

ውድ ወንድሜ ዶርሲ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ይህን ስልህ ለደብዳቤ ማሳመሪያ አይምሰልህ።

ስለ ሃርለን ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። እኔ ደግሞ ስለ ዝናቡና ስለ ቲማቲሜ እየጻፍኩ አለፍኩህ። ይቅር በለኝ። እዚያ በረዶ መሃል የተዘጋ የማዕድን ማውጫ ከዘመድ ርቀህ እየጠበቅህ፣ ይህን ይዘህ እንድታድር አልፈለግሁም ነበር።

ባለቤቴ የማይጽፍልህ የሚጽፍበት እጅ ስለሌለው ነው። ከቀኝ እጁ የተረፉት አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ናቸው። ቀኝ ዐይኑም የለም። በጁን ወር በማኅበራችን የተኩስ ሜዳ ላይ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈነዳ።

እንዴት ሆነ ትለኛለህ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቀለሃ ለሚሞላ ሰው የሚሆን ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል። ከቀለሃው ቂጥ የምትገባዋ መለኮሻ፣ ድሮ ሃርለን ከዳቦ ጋር አብሮ የሚገዛት፣ ዛሬ እንደ ወርቅ ከባንኮኒ ሥር ነው የምትወጣው። ባሩድማ አይነሳ! ጠመንጃ ቤት ያለው ቨርጂል ኮገር ከየከተማው ለቅሞ መጋዘኑን ሞልቶ፣ መደርደሪያው ላይ ግን አንድ ጣሳ ብቻ አስቀምጦ «የመጨረሻው ነው» እያለ በሦስት እጥፍ ይሸጣል። ያ ሲሸጥ ሌላ «የመጨረሻ» ያወጣል።

ሃርለንን ታውቀዋለህ፤ «ካልሸጡልኝ እሠራዋለሁ» ባይ ነው። አረሩን ከጎማ ቤት ከለቀመው አሮጌ የጎማ ማመዛዘኛ እርሳስ ያቀልጥ ጀመር። አረሩ የሚለብሰውን ልባስ ከወዳደቀ የትንንሽ ጥይት ቀለሃ እየጨመቀ ሠራ። ጋራዡ የአንጥረኛ ቤት መሰለ። ባሩድና መለኮሻ ግን በጓዳ አይሠሩም። ለባሩዱ ቨርጂል ዘንድ ሄደ፤ የታወቀ ፋብሪካ ስም ያለበት ጣሳ ይዞ መጣ።

ጣሳው ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ቨርጂል ከወንዙ ማዶ ከአንዲት ባልቴት፣ የሟች ባሏን ባሩድ ምንም ባልተጻፈበት ማሰሮ ገዝቶ፣ በባዶ ጣሳዎች ገልብጦ ሸጠው። ለሽጉጥ የሚሆን ይሁን ለምን የሚሆን፣ እሱም አላወቀ፣ አልጠየቀም፤ የሽጉጥ ባሩድ ፈጥኖ ስለሚነድ ጠመንጃ ያፈነዳል። ይህን የነገረችኝ ባልቴቲቱ ናት። ሸሪፉ ሲጠይቀው ግን «እሱንማ ሜዳ ላይ አቃጠልኩት» ብሎ ማለ። ማን ያስተባብለው?

ሃርለን ሰላም ብሎሃል። ማለቴ፣ ስምህን ስጠራለት ራሱን ነቀነቀ።

እህትህ አይዴላ


ካምፕ፣ አላስካ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። የፖስታ አውሮፕላኑ አብራሪ «ሰው ሞተብህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ገና ነው» አልኩት።

ቀጥለሽ በላክሻት ካርድ «እንዳትመጣ» ብለሽኛል። እሺ፣ አልመጣም፤ ኮንትራቴን ብተው የክረምቱን ደመወዝ ይከለክሉኛል። ልብ አድርጊ ግን፤ የምቀረው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ቨርጂል ኮገርን ስለማርኩት አይደለም። ያን ሱቅ ከነባሩዱ ባነደው፣ ጭሱ እዚህ ድረስ ይታየኝ ነበር። ያ ሰውዬ ልጅ ሳለን እንኳ ጨዋታ ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ነበር።

ሃርለን! የሰው ጠመንጃ ጎርሶ እንደሆነ ደጋግሞ ካላየ የማያልፈው ሃርለን! እኔን ስንት ጊዜ ከተኩስ ሜዳ አስወጥቶኛል፣ አፈሙዙን ትንሽ ወደ ጎን አዞርክ ብሎ። እሱ ባሩድ ተሳሳተ ብሎ የሚያወራ ካለ፣ ስሙን ጽፈሽ ላኪልኝ።

ያንን ጣሳ ለማንም እንዳትሰጪ። ለሸሪፉም ቢሆን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሃርለንን ሳሚልኝ። ሁልጊዜ የሚሞላልኝን ጥይት ዘንድሮ አልፈልግም በይው። እዚህ የምተኩስበት ነገር የለም፤ ድቡም እንደ እኔ ብቸኛ ነው፣ ተለማምደናል።

ዶርሲ


ሎረል ሸለቆ
ኦክቶበር 3 ቀን 2021

ዶርሲ ወንድሜ፣

በካርድህ እንደጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ ቨርጂል ሱቅ ሄጃለሁ። ማን ነገረህ? የአክስታችን ልጅ መሆን አለባት፤ አፏ ወንፊት ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱቁ ሰው ሲሞላ ጠብቄ ገባሁ። ቨርጂል ባንኮኒው ኋላ የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦውን እየገመጠ ነበር። እስኪውጥ ጠበቅኩት።

«ቨርጂል፣ ለባለቤቴ ምን ነበር የሸጥክለት?»

«ጣሳው ላይ የተጻፈውን ነዋ።»

«ባልቴቲቱ ሌላ ትላለች።»

ወደ ሰዎቹ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ዐይኔ ላይ ተሸክሜያት ነው የምዞረው። «አይዴላ፣ አዝኛለሁ። እውነቴን ነው። ግን ጥይት እንደ ቂጣ ጓዳው ውስጥ የሚጋግር ሰው፣ ሲያርርበት ዱቄት ሻጩን አይከስም።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሃርለን ልጆቻቸውን መተኮስ ያስተማረላቸው ሰዎች ናቸው የሳቁት። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ደርዘን መልስ መጣልኝ፤ ምን ይሠራል?

ከዚያ የባሰው የማኅበሩ ነገር ነው። ሰብሳቢያቸው ቡሪስ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን እያሽከረከረ፣ ለተኩስ ሜዳው ደንብ አስከባሪነት ሃርለን ይለብሳት የነበረችውን ቀይ ሰደርያ ጠየቀ። «ለጊዜው ነው። ሰዎች ያወራሉ» አለ። ሃርለን ራሱ ተነሥቶ ከቁም ሳጥን አውጥቶ፣ በግራ እጁ አጣጥፎ ሰጠው። ሲያጣጥፍ ተጣመመበት። እንደገና ዘርግቶ አጠፈው። ቡሪስ «ይሁን፣ ይሁን» ይላል፤ ሃርለን ግን እስኪስተካከል አልለቀቀም።

ያን ቀን ነው የቆረጥኩት። ዐይኑን ፈጣሪ ይይለት። ሰደርያዋን ግን እኔ ነኝ የማስመልሳት።

አሁን የሥራ ጠረጴዛው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሃርለን ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል፤ ማየት አይወድም። በጆሮው ብቻ እየሰማ «የመሙያውን እጀታ አትቸኩይበት» ይለኛል። ሰዎች በዋናው በር መምጣት ስለሚያፍሩ በጓሮ ይመጣሉ፤ ቀለሃቸውንና መለኮሻቸውን ይዘው። እሞላላቸዋለሁ። እያንዳንዱ የሞላሁለት ሰው ከቨርጂል ደጅ የቀነስኩት ሰው ነው።

አይዴላ


ሎረል ሸለቆ
ኦክቶበር 29 ቀን 2021

ዶርሲ፣

ይህች አጭር ናት፤ ሥራ ይዣለሁ።

ማን መጣ መሰለህ? ቨርጂል ኮገር። በዋናው በር! የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሌላ ቀለሃ ቆርጦ፣ አጥብቦ፣ ለዚያ ጠመንጃ ልክ የሚያደርገው በዚህ ሸለቆ ሃርለን ብቻ ነበር። በየዓመቱ አጋዘን አደን ከመከፈቱ በፊት በሚደረገው የማኅበሩ ውድድር ቨርጂል በዚያ ጠመንጃ እየተኮሰ፣ ለአሸናፊው የሚሰጠውን የተጨሰ የአሳማ ጭን ተሸክሞ የሚሄደው በባሌ ጥይት ነው።

«ያለፈው አለፈ፤ ጎረቤት ነን» አለኝ፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ። «አንቺ መሙላት ጀምረሻል ሲሉ ሰማሁ። መለኮሻውን እኔ አመጣለሁ፤ ሙሉ ሣጥን፣ የተረፈው ላንቺ። ባሩዱን ብቻ፣ የእኔን ስለማትወጂ፣ ካለሽ ላይ።»

«ቂጣ ጋጋሪ ቤት መጣህ?» አልኩት።

«አይ አይዴላ! ቀልድ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። አንድ ሣጥን እሞላልሃለሁ።»

ሲሄድ ሃርለን ከወዲያኛው ክፍል «ማን ነው?» አለ። ነገርኩት። «ቀለሃው በደንብ ይለካ» አለኝ።

ያልከኝን ጣሳ ለማንም አልሰጠሁም። ከጠረጴዛው በላይ ተቀምጧል፤ ከግማሽ በላይ አለው። ቨርጂል ሲናገር ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ጣሳ ላይ ነበር። «ባሩዱን ካለሽ ላይ» ነው ያለው። ከራሱ አፍ ነው የወጣው፤ እኔ አልጨመርኩም።

ያሰብኩትን ብነግርህ ምን ትለኛለህ? ስለዚህ አልነግርህም።

አይዴላ


ካምፕ፣ አላስካ
ኖቬምበር 12 ቀን 2021

አይዴላ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ አብራሪው በጉም ሳቢያ ሳይመጣ ሰንብቶ። የእኔ ደግሞ መቼ እንደሚደርስሽ እንጃ። እሱ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይ።

ሱቁን አነደዋለሁ ያልኩሽ አፌ ነው። አፌን ታውቂዋለሽ። እኔ የማወራ ነኝ፤ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትሠሪ ነሽ። የፈራሁትም እሱን ነው። ዝም ስትይ ነው የምፈራሽ።

እለምንሻለሁ፣ በእናታችን አጥንት። ያ ጠመንጃ ሲፈነዳ ቨርጂልን ብቻ መርጦ አይመታም። ከጎኑ የሚቆም ሰው አለ፤ ነጥብ የሚመዘግብ አለ። ደግሞም ቨርጂል ብቻውን ቢሆንስ? እዚህ ባለፈው ክረምት ድማሚት የፈነዳበትን ሰው ለቅመን ወደ አውሮፕላን ያወጣን ሰዎች አለን። ከዚያ በኋላ ስለሚጠላው ሰው የሚያወራ አልነበረም። ስለ ጫማው ነበር የምናወራው፤ ሌላኛውን ስላላገኘነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ትል ነበር እናታችን። ትናንት በሕልሜ መጥታ ይሆናል፣ አላውቅም፤ ዛሬ ግን በካምፑ ስልክ ደወልኩ። ለድንገተኛ አደጋ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ አለቃው ከጎኔ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሃርለን አነሣ። «አይዴላ የለችም፤ ሜዳ ሄዳ ጠመንጃ እየሞከረች ነው» አለ። ምን ልበለው? ስለ አየር አወራን። እዚህ በረዶ ነው አልኩት፤ እዚህም ሊሆን ነው አለኝ። ዘጋሁት።

የማንን ጠመንጃ ነው የሞከርሽው? አብራሪው ተነሣ። አታድርጊው። ሃርለን አንቺን እስር ቤት ድረስ መጥቶ የሚጠይቅበት አንድ ዐይን ነው የቀረው።

ዶርሲ


ሎረል ሸለቆ
ዲሴምበር 1 ቀን 2021

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከውድድሩ በኋላ ነው። አንብቤ ሳቅኩ፣ ከዚያም ትንሽ አለቀስኩ። ምን መሰልኩህ? ቁጭ በልና ስማ፤ አንጀትህ ቅቤ ይጠጣል።

ሸለቆው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይዘው፣ ወንዶቹ ብርቱካንማ ኮፍያቸውን ደፍተው። ሃርለንን «ካልመጣህ አልሄድም» ብዬ ይዤው መጣሁ። ከኋላ፣ ከአጥሩ ዘንድ ቆመ።

ቨርጂል ተራው ደርሶ የመተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ሣጥኑን ከፍቼ አንዷን በገዛ እጄ አቀበልኩት። «ተባረኪ አይዴላ!» አለ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። አጎረሳት። የጆሮ መሸፈኛውን ሊያጠልቅ ሲል ቀረብ አልኩና፣ አጥሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነገርኩት።

«ቨርጂል፣ ባሩድ አጥሮኝ ለሃርለን ከሸጥክለት ጣሳ ነው የሞላሁልህ። ትርፍ ነበረው።»

ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«የሰማኸውን። ጣሳው ላይ የተጻፈው ለዚህ ጠመንጃ ልክ ነው። በሸሪፉ ፊት ምለህበታል። በል ተኩሳ!»

ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ጣቱ ከምላጩ ስትርቅ ሁሉም አየ።

ቡሪስ፣ ያ ባርኔጣ አሽከርካሪ፣ «ተኩስ እንጂ ቨርጂል! ጥፋቱ የሃርለን ነው ስትል አልነበር?» አለው።

«ራሴን አሞኛል» አለ ቨርጂል።

«ቅድም ዳቦ ስትገምጥ ደህና ነበርክ!» አለች አንዷ ከኋላ።

ዶርሲ፣ ላቡ በዚያ ብርድ ከአገጩ ሲንጠባጠብ አየሁ። ጠመንጃውን በሁለት እጁ፣ ልክ እንደተኛ ሕፃን፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ከጠረጴዛው ሸሸ። «ያ ባሩድ ለጠመንጃ አይሆንም» አለ።

ከገዛ አፉ!

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። እኔ እዚያው እሱ የለቀቃት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጠመንጃውን አነሣሁ፣ ተኮስኩ። ሰሌዳው መሃል ባይሆንም ሰሌዳውን መታሁ። «ካለፈው ዓመት ከተረፈን ደህና ባሩድ ነው የሞላሁት» አልኩ። «እኔ ጎረቤቴ ላይ እንዲህ አላደርግም።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ልንገርህ? በማግስቱ ሰዎች ከሱ የገዙትን ጣሳ ሁሉ እያመጡ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይደረድሩት ጀመር። በሩን ለመክፈት ጣሳ መግፋት ነበረበት። ሸሪፉ አንዳንዶቹን ለምርመራ ወሰደ፤ ባልቴቲቱንም አሁን ቃሏን ተቀበላት። ሱቁ ላይ «ለጊዜው ዝግ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሚስቱ ኖሪን ደውላልኝ ነበር። «ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አጠገባችን አይቀመጥም፤ ማሪው» ብላ አለቀሰች። አልዘጋሁባትም። እስክትጨርስ አዳመጥኳት። እንደ ማር ጣፈጠኝ። ከዚያ «የሃርለን ዐይን ሲመለስ እምረዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ቡሪስም መጣ፤ ቀይ ሰደርያዋን ይዞ። ሃርለን በሩ ላይ ተቀበለውና ወንበሩ ላይ ሰቀላት። እስካሁን አልለበሳትም። ቀኑ ሲደርስ ይለብሳታል፤ እኔ አልቸኩልም።

እንግዲህ አትጨነቅ። ሁሉም በሰላም አለቀ። ክረምቱ ገና ነው፣ ብርድ እንዳይመታህ።

እህትህ አይዴላ


ሎረል ሸለቆ
ጃንዋሪ 9 ቀን 2022

ዶርሲ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ታግሠህ አንብበው። አይዴላ ገበያ ወጥታለች።

ልጇን እንደ ዳረች እናት ደስ ብሏት እንደጻፈችልህ አውቃለሁ። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው፤ እዚያ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። እዚህ ለማንም ልነግረው አልችልም፤ ብቻዬን ደግሞ ከበደኝ።

ያን ቀን ከሜዳው ስንመለስ የቨርጂልን ሣጥን ኪሴ ከትቼው ነበር። ሣጥኑ ከእሷ ተኩስ በኋላ ማንም አላስታወሰውም። ገና ካለፈ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ፣ ቀለሃውን ለሌላ ሥራ እንዲሆነን ብዬ ጥይቶቹን መፍታት ጀመርኩ። ባንድ እጅ ያስቸግራል። የመጀመሪያዋን ፈታሁና ባሩዱን መዳፌ ላይ አፈሰስኩት።

ባሩድን በቅንጣቱ ዐውቀዋለሁ። ያንን ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ ዐውቀዋለሁ፤ ዐይኔ የሄደው በሱ ነው። ሁለተኛዋን ፈታሁ፤ ያው። ሣጥኑን በሙሉ ፈታሁ። ያው ነው፣ ሁሉም። ደህናው ባሩድ የነበረው ለቨርጂል በእጇ ባቀበለችው በአንዷ ውስጥ ብቻ ነበር። እሷው የተኮሰቻት።

ያን ቀን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ቨርጂል የፈራው ሥራውን ስለሚያውቅ ነው፤ ከሞት ያዳነው የገዛ ጥፋቱ ነው። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮስ? ባልቴቲቱ ተሳስታ፣ እኔም ተሳስቼ፣ ሰውዬው ምንም የማያውቅ ቢሆን ኖሮስ? በአይዴላ ስቆ ደህናዋን ጥይት ይተኩስ ነበር። ሁለተኛዋን ያጎርስ ነበር። ቡሪስ ከጎኑ ቆሟል። ኖሪን ከኋላው ነበረች፣ ኮቱን ይዛ።

ባሩዱን ወስጄ ጅረቱ ውስጥ ደፋሁት። ጣሳውንም፣ የተረፈውን ደፍቼ፣ በመዶሻ ጠፍጥፌ ጣልኩት። እራት ላይ አይዴላ «መደርደሪያው ላይ የነበረው ጣሳ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ጣልኩት» አልኳት። «የቨርጂልንም ጥይቶች ፈታኋቸው።»

ሹካዋን አላስቀመጠችም። «እንዴት ነበሩ?» አለች።

«በደንብ የተለኩ ናቸው።»

«አስተማሪዬ ጥሩ ነበር» አለችና ድንቹን አቀረበችልኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ዳግመኛ አላነሣነውም። እወዳታለሁ፣ ዶርሲ፤ ለእኔ ብላ ነው። ሌሊት ቁስሌ ሲጠዘጥዘኝ ተነሥታ እጄን ይዛልኝ ታድራለች። እኔም እጄን አልነጥቃትም።

ይህን አንብበህ ምድጃ ውስጥ ጨምረው። በጸደይ ስትመጣ ደግሞ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፦ እሷ ባለችበት የቨርጂልን ነገር አታንሣ። ሰውዬው ቤቱን ሸጦ ወደ ኦሃዮ እህቱ ዘንድ ሄዷል፤ ስሙ ሲነሣ ግን አሁንም ትስቃለች። ያ ሳቅ እኔ ያገባኋት ሴት ሳቅ አይደለም።

ሃርለን